ሳይሰነጠቅ የመጣ ጊታር

ቱሪድ ከመርከብ ስትወርድ ደክሟት ነበር። በኖርዌይ ዳርቻ ሽቅብ ቁልቁል በምትመላለስ መርከብ ላይ ለተሳፋሪ ጊታር መጫወት ከጀመረች ይህ ስድስተኛ ክረምቷ ነው። መርከቧ በአስራ አንድ ቀን አንዴ ቦዶ ወደብ ለሁለት ሰዓት ትቆማለች። ቱሪድ እነዚያን ሁለት ሰዓታት የምታሳልፈው አስላክ ዘንድ ነው።

አስላክ ጊታር ጠጋኝ ነው። ውጭው ውርጭ፣ የመርከቧ ውስጥ ደረቅ ሙቀት፤ የእንጨት ጊታሯ ይህን አልችል እያለ ይሰነጠቃል። እሱ ስንጥቁን በሙጫ ይይዛል፤ እንጨቱ እንዳይደርቅም ጊታሩ ሆድ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ ይከታል። እጆቹን ስታይ ድካሟ ቀለል ይላታል። ይዋደዳሉ፤ ግን ከሁለቱ አንዳቸውም ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

በጥር ጊታሩ እንደገና ሲሰነጠቅ ታከታት። እሱን አስላክ ዘንድ ትታ፣ በሚቀጥለው ዙር ዘመናዊ ጀልባ ከሚሠራበት ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ጥቁር ጊታር ይዛ መጣች።

«ይሄ ጊታር ነው ጀልባ?» አለ አስላክ። «መቅዘፊያውን የት ጣልሽው?»

«ሳቅ አንተ! ውርጭ አይነካው፣ ሙቀት አይነካው።»

«እንጨት እያረጀ ሲሄድ ድምፁ ይበስላል። ይሄ ዛሬም ያው፣ የዛሬ ሃያ ዓመትም ያው።»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ ምኔ በሰለ? ደክሞኛል አስላክ። የማላስታምመው ነገር አማረኝ።»

ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲህ እኔ ምን እሠራልሻለሁ?» አለና ጀርባውን ሰጣት።

ሁለት ዙር ከመርከብ ሳትወርድ ቀረች። ከላይ ሆና የአስላክን ሱቅ መብራት ታያለች። ምን ብላ ትሂድ? ምንም አልተበላሸባት። ጥቁሩ ጊታር ከቅኝቱ ዝንፍ አይልም፤ እሷ ግን ሆድ ባሳት።

በሦስተኛው ዙር አላስችል አላትና ሄደች።

«ምን ሆነ?» አለ አስላክ፣ ዓይኑ ጊታሩ ላይ።

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለሽ?»

አሮጌው ጊታሯ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጣቷን ወደ ሆዱ ሰደደች፤ ስፖንጁ እርጥብ ነው።

«ማን ነው ውሃ የሚያጠጣው?»

«እኔ ነኛ። በየማለዳው።» አቀረቀረ። «ካንቺ የቀረልኝ እሱ ነው።»

ቱሪድ ጥቁሩን ጊታር አቀበለችው። አስላክ ቁጭ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ አንድ ዜማ እስከ መጨረሻው ተጫወተ።

«እውነቱን ንገረኝ።»

«ያምራል። ምንም አይጎድለውም፤ የጠላሁትም ለዚሁ ነው።»

«እሱ አይጎድለው ይሆናል» አለች። «እኔን ግን ጎደልከኝ።»

አስላክ ጊታሩን አስቀምጦ እጇን ያዘ። መርከቧ ጥሩንባዋን ነፋች።

አስላክ ካፖርቱን ደርቦ፣ ጥቁሩን ጊታር እራቁቱን አንጠልጥሎ በረዶው ውስጥ ገባ።

«ኧረ የጊታሩ ሳጥንስ?» አለች ቱሪድ እየተከተለችው።

«ውርጭ አይነካውም ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

የመርከቧ ደረጃ ሥር ሲደርሱ ጊታሩን መለሰላት። ላዩ ላይ የተቆለለውን በረዶ በእጅጌው ጠረገ።

«በአስራ አንደኛው ቀን እጠብቅሻለሁ» አላት።

«የሚጠገን ነገር ባልይዝስ?»

«ባዶ እጅሽን ነይ።»