ፀጉሩ የቆመው ምንጣፍ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን አውራ ጣቴ ላይ ያለውን የምላጭ ጠባሳ እያየሁ ነው የምጽፈው።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... እናቴ መኝታ ክፍል ውስጥ።

የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን። ከታመመች ወዲህ ብቻዋን ከአልጋ መውረድ አትችልም። ሁልጊዜ ስሞታዋ አንድ ነው።

"ከአልጋው ስር ብርድ ይመጣል። እግሬን ይይዘኛል።"

የሲሚንቶው ወለል መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ምንጣፍ ልሠራላት ተነሳሁ። የነብር ቆዳ የሚመስል፣ ግን ከጨርቅ የሆነ።

ጎረቤታችን ሶፋ ሠሪው የተረፈውን ፀጉራም ጨርቅ ሰጠኝ።

"በመቀስ እንዳትነካው" አለኝ። "ገልብጠህ በጀርባው በኩል በምላጭ ቁረጥ። ደግሞ ፀጉሩ ከራሱ ወደ ጭራው ይተኛ። ሰማህ? ወይስ እንደ ልማድህ ደመና ላይ ነህ?"

"ሰምቻለሁ ጋሼ።"

አልሰማሁም ነበር።

አራት እግር፣ ጭራ፣ ጠፍጣፋ ጭንቅላት ቆረጥኩ። ምላጩ አውራ ጣቴን ሲያገኘው ደሜ ጨርቁ ላይ ጠብ አለ። ላጥበው ብፈልግ... ቦታውን አጣሁት።

ከስሩ ወፍራም ገበር ሰፋሁበት። ለዓይኑ ሁለት ጥቁር ቁልፍ። ከዚያ አልጋዋ አጠገብ አነጠፍኩት።

እናቴ አየችውና ሳቀች።

"አንተ ፈዛዛ! የፀጉሩን አቅጣጫ አዙረህ ቆርጠኸዋል እኮ። ፀጉሩ ሁሉ ወደ ራሱ ቆሟል።"

ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

"የተቆጣ አውሬ ነው የሚመስለው... ምን አይቶ ነው?"

በመዳፌ ደባበስኩት። ተኛ።

ሻይ አፍልቼ ስመለስ... ቆሟል።

ጭንቅላቱን ወደ በሩ አድርጌ ነበር ያነጠፍኩት። አሁን ወደ አልጋው ስር ዞሯል።

"እማ፣ ነክተሽዋል?"

"በምን እግሬ?"

ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። እንዲተኛ ደባብሼው እሄዳለሁ፣ ስመለስ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሁልጊዜም ፊቱ ወደ አልጋው ስር።

ማክሰኞ ዕለት በቃኝ። ጠቅልዬ አነሳሁት።

"አታውጣው ልጄ" አለች። "እሱ ከመጣ ወዲህ ብርዱ ትቶኛል።"

አሁንም አልሰማሁም። በረንዳው ላይ፣ ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ጣልኩት።

ተመልሼ በሩ ላይ ስደርስ እናቴ አንሾካሾከች።

"ልጄ..."

"አቤት እማ።"

"እጅህ ይቀዘቅዛል። እግሬን ልቀቀኝ።"

እኔ ከአልጋው አምስት እርምጃ ርቄ ነው የቆምኩት።

ምንጣፉን ላመጣ ሮጥኩ። ሽቦው ባዶውን ይወዛወዛል።

ከክፍሉ አንድ ነገር መሬት ለመሬት ሲጎተት ሰማሁ... ከዚያ ጸጥ አለ።

ስገባ ምንጣፉ ቦታው ላይ ነው። ፀጉሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ብርድ ልብሱ ወለሉ ላይ ወድቋል። የእናቴ ቁርጭምጭሚት ላይ የጣት ምልክት ቀልቷል።

ምንጣፍ ሆድ የለውም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጨርቅና ገበር ብቻ ነው።

መሃሉ ግን አብጧል። ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል...

ልነካው ጎንበስ አልኩ።

"ተው!" አለች እናቴ በሹክሹክታ። "አትቀስቅሰው። ጠግቦ ነው የተኛው።"

እጄን ሰበሰብኩ።

ያኔ ካበጠው ቦታ፣ ከውስጥ በኩል፣ አምስት ጣቶች ጨርቁን ቀስ አድርገው ወደ ላይ ገፉት...