ከሐይቁ ማዶ የተዘረጋው ማዕድ

ሰው ሲነግረኝ ብሰማ ኖሮ እኔም አላምንም ነበር። ግን በዓይኔ ያየሁት ነው... በጠራራ ብርሃን።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ምሽት እንበለው እንጂ ፀሐይዋ አልጠለቀችም። በአገሬ በስዊድን፣ በበጋው አጋማሽ በዓል፣ ሌሊቱ እንኳ አይጨልምም።

ስሜ ቱቫ ነው። ለዓመታት ፖርቱጋል ኖሬ፣ በዓሉን ከቤተሰቤ ጋር ላከብር እናቴ ቤት መጥቻለሁ።

እናቴ ጉንቮር፣ ወንድሜ ቶርኬል፣ ትንሿ ልጁ አልቫ እና እኔ ሐይቁ ዳር ተቀምጠናል። በአበባ ያስጌጥነውን ምሰሶ እየዞርን ጨፍረን፣ ደክሞን፣ ድንችና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ እየበላን ነው።

ቀና ስል... ማዶም ሰዎች ማዕድ ዘርግተዋል።

ነጭ የጠረጴዛ ልብስ። የአበባ ምሰሶ። አራት ሰዎች... ልክ እንደ እኛ።

«እማዬ፣ ማዶ ያለውን ቤት ማን ገዛው?»

«የምን ቤት?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «ማዶ ጫካ ነው። ብዪ።»

ቶርኬል ሳቀብኝ። «የፖርቱጋል ወይን ጠጅ ዓይንሽን አጠፋው እንዴ?»

ከዚያ እሱም ዞሮ አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

ሐይቁ ጸጥ ሲል የማዶ ሰው ሳል እንኳ ይሰማል። እነሱ ግን ይስቃሉ... ድምፅ የለም። ብርጭቆ ያጋጫሉ... ድምፅ የለም።

ቶርኬል ሹካውን አስቀመጠ። ማዶ ያለው ሰውዬም አስቀመጠ።

አንገቴን አከክሁ። ማዶ ያለችው ሴት... አንገቷን አከከች።

«እማዬ...»

«አትዩአቸው» አለች በሹክሹክታ። «እናቴም እንዲህ ትለኝ ነበር። አትዩአቸው። ሲሰለቻቸው ይሄዳሉ።»

አንገታችንን ደፍተን ተቀመጥን። ከምግቡ በኋላ የቀረበው እንጆሪ አፌ ውስጥ አፈር አፈር አለኝ።

አላስችል ብሎኝ ቀና ስል... ማዶ የቀሩት ሦስት ናቸው። ልጅቷ የለችም።

የአልቫም ወንበር ባዶ ነው።

«አልቫ!»

ሐይቁ ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታለች። ፊቷን ወደ ማዶ አዙራ ትራመዳለች።

«አያቴ ነይ እያለችኝ ነው...»

አያቷ ግን እዚሁ ከጎኔ ቆማ እየጮኸች ነበር!

ቶርኬል ዘሎ ገባ። ሊደርስባት ክንድ ሲቀረው... ውሃው ዋጣት።

ጠለቀ። ባዶ እጁን ወጣ። እንደገና ጠለቀ። እናቴ ዳር ላይ ተንበርክካ ፈጣሪዋን ትለምናለች።

በመጨረሻ አቅፏት ወጣ። ትተነፍሳለች! ተቀብዬ በፎጣ ጠቀለልኳት። ቶርኬል እግሯን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«አይዞሽ የኔ ማር... አለቀ... ይዘንሻል» አልኳት።

ያኔ ነው የሰማሁት። ከማዶ... ለመጀመሪያ ጊዜ... ድምፅ።

የልጅ ለቅሶ።

«አክስቴ! አክስቴ ቱቫ! እዚህ ነኝ!»

የአልቫ ድምፅ ነው።

ጉያዬ ውስጥ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። እርጥብ እጇን አንስታ ጆሮዬን በቀስታ ደፈነችው።

«አትስሚያት» አለችኝ።