የሰይድ የጭቃ ስልክ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እንዲህ ዓይነት ታሪክ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ ከሁሉም ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ አባቴ እዚሁ ነቀምቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ እኛ ቤት የመንፈስና የጥላ ወሬ ሲጀመር "በሉ ጸልዩና ተኙ" ተብሎ ይዘጋል፣ እኔም ከዚያ አልፌ አስቤበት አላውቅም።

ሥራዬ ሸክላ ነው። ማሰሮና ጀበና እንዳይመስላችሁ፣ ያሁኑን ዘመን ቤት ነው በጭቃ የምሠራው፣ ሪሞቱን፣ ቻርጀሩን፣ ዳንቴል የለበሰውን ቴሌቪዥን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስልኩን። የሰው ስልክ እርጥብ ጭቃ ላይ ተጭኜ ቅርጹን እወስድና፣ በእጄ አስተካክዬ፣ አድርቄ አቃጥለዋለሁ። ባለቤቴ ገመቹ "የማይደውል ስልክ ማን ይገዛሻል?" እያለ ይስቅብኛል፣ እኔ ግን አንድ ሙሉ ሳሎን ሠርቼ ኤግዚቢሽን ላቀርብ እየተዘጋጀሁ ነበር።

ታዲያ ኔትወርክ የጠፋበት ሰሞን፣ አዴ ዘይነባ የሚባሉ ሴት በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ" ብለው ሰላምታ እየሰጡ ወደ ግቢያችን ገቡ። የአንገር ጉቲን ሰው ናቸው፣ ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ፣ ያኔ ጎረቤታችን ከሆነችው እህታቸው ቤት ተጠግተው ነበር። በረንዳው ላይ የተደረደሩትን የጭቃ ስልኮች ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ ከጉያቸው መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አወጡ።

"የልጄ የሰይድ ነው" አሉኝ። "ኡኬ ከተማ ዕቃ አድርሼ መጣሁ ብሎ እንደወጣ ቀረ። እቺ መንገድ ዳር ተገኘች፣ እሱ ግን የለም። ጠጋኙ ሁሉ አልበራ አለችው። በጭቃ ሥሪልኝ ልጄ፣ ይች እንደሁ አንድ ቀን ተሰባብራ ማለቋ ነው።"

ሞቷል አላሉም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። እዚያው እንደቆሙ ቅርጹን ወሰድኩና ስልኩን መለስኩላቸው፣ የጭቃውንም ፊት በእርጥብ ስፖንጅ አለስልሼ እንዲደርቅ ከሌሎቹ ጋር ጣውላው ላይ አስቀመጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ተቀምጬ ጭቃ ሳሽ፣ ስልክ እንጨት ላይ ሆኖ በቫይብሬት ሲጠራ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ፣ ታውቁታላችሁ፣ ያንን ዝዝዝ የሚለውን።

"ስልክሽ ይጠራል" አለ ገመቹ ከውስጥ። "ኔትወርክ መጣ እንዴ?"

ኪሴን ዳሰስኩ፣ የኔ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። እሱም ብቅ አለ፣ የሱ ስልክ ደግሞ እጁ ላይ ነው፣ ጭጭ ብሏል። ድምፁ ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጀመረ፣ ያልተነሳለት ሰው ደግሞ እንደሚደውለው ማለት ነው። ወደ ጣውላው ሄጄ አንድ በአንድ እያነሳሁ ማዳመጥ ጀመርኩ፣ የሰይድን ሳነሳው መዳፌ ውስጥ ነዘረ። እመኑኝ፣ ድፍን ጭቃ ነው፣ ገና እሳት ያልነካው ጥሬ ጭቃ፣ ውስጡ ባዶ ቦታ እንኳ የለውም። ያለሰለስኩት ፊቱ ላይ ደግሞ፣ ጥሪ ለማንሳት ስክሪን እንደምንጠርገው፣ ከታች ወደ ላይ የተሳበ የአውራ ጣት ምልክት አለ።

"አንተ ነህ የነካኸው?" አልኩት ገመቹን።

"ኧረ አልደረስኩበትም" አለና ጣቱን ምልክቱ ላይ አስጠጋ፣ ሰፋበት። የኔ ግን ልክክ አለ። ስልኩን ጣውላው ላይ መለስኩት። "ነገውኑ አቃጥይውና ይለይለት" አለኝ፣ እኔ ግን የእናት ዕቃ ነው፣ ሳያዩት አላቃጥልም አልኩ።

ማታውን ስጨነቅ አደርኩ፣ ብነግራቸው ልጃቸው የደወለ ይመስላቸዋል፣ ያንን ተስፋ ሰጥቼ መልሼ ብነጥቃቸውስ? ላለመናገር ወሰንኩ። ግን በማግስቱ መጥተው ገና እጃቸው ላይ እንዳስቀመጥኩላቸው ነዘረ።

አዴ ዘይነባ አልደነገጡም። እንደማንኛውም ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው "ሄሎ፣ ሰይዴ" አሉ። ፊታቸው ፈካ፣ ከዚያ እያዳመጡ በሄዱ ቁጥር ቀስ በቀስ ጠወለገ፣ ዓይናቸውንም ከመሬት አንስተው እኔ ላይ ተከሉት።

"ስምሽን ማን ነበር ያልሽኝ፣ ልጄ?"

"ሲፈን።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ስልኩን በቀስታ ጣውላው ላይ መለሱት። "ሰይዴ አይደለም" አሉ።

"ታዲያ ማነው? ምን አለዎት?"

"ምንም። አላህ ይጠብቅሽ" ብለውኝ፣ ያሠሩትን ሳይወስዱ ወጡ። በማግስቱ እህታቸውን ብጠይቃት ጎህ ሲቀድ ወደ አንገር ተሳፍረዋል አለችኝ፣ ኔትወርኩ ከተመለሰ ወዲህም ስንት ጊዜ ደወልኩላቸው፣ ስልካቸው ዝግ ነው።

ስሜን የጠራው ማን ነው ብዬ ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ እኔ የጠፋብኝ ሰው የለኝም፣ አባትና እናቴ እዚሁ ናቸው፣ ወንድሞቼ እዚህ ቅርብ ጉቴ ከተማ ናቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው። ገመቹ ምድጃውን አንድዶ የጭቃውን ስልክ ሊከተው ነበር፣ ከእጁ የቀማሁት እኔ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ኤግዚቢሽኑንም ትቼዋለሁ፣ ስልኩን አሁን በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ትናንት ከሰዓትም ሲጠራ ቆየ። አላነሳሁትም።