በወጥመዱ ያልተገኘው ሸርጣን

ወጥመዱ ዛሬም ባዶ ነበር። ውስጡ የተቀመጠው የዓሣ ቁራጭ ግን ተበልቷል።

ገንዳ መትከል ሥራው የሆነው ባለ ገንዳው የወጥመዱን ጠርሙስ ወደ መብራቱ አንሥቶ አገላብጦ አየውና ቆሽቱ አረረ። በጥርስ ሕክምና ቤቱ የእንግዳ ክፍል የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳ ተክሎ ከሄደ ቆይቷል። ማክሰኞ ማክሰኞ መመላለስ የጀመረው ከባሕር የወጣ አዲስ ድንጋይ ከጨመረበት ወዲህ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ብቻውን አይመጣም፤ በየቀዳዳው ማንም ያልጠራቸውን ፍጥረታት አሳፍሮ ይመጣል። ከእነሱ አንዱ አበባ የሚመስሉትን የገንዳውን ኮራሎች ከሥር እየቆረጠ ይጥል ጀመር። ሰሞኑን መቁረጡን ቢተውም ባለ ገንዳው አላመነውም፤ ሸርጣን ቅርፊቱን ሊቀይር ሲል ይደበቃል።

«እስቲ መስታወቱን ያዢልኝ» አለ።

ጥርስ ሠሪዋ የሐኪሟ የወንድም ልጅ ናት። በጓዳ በኩል ባለች ጠባብ ክፍል ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትቀርጽ ትውላለች። ማክሰኞ ከሰዓት ግን ሥራዋን ትታ፣ ከአገልግሎት የወጣች ባለ ረጅም እጀታ የአፍ መስታወት ይዛ ብቅ ትላለች። የመንጋጋን ጀርባ የሚያሳየው የድንጋይንም ጀርባ ያሳያል ያለችው እሷ ነበረች። ወጥመዱንም ጠዋት ጠዋት እንድታይለት አደራ ሰጥቷታል።

ሁለቱም አጎነበሱ። ፊቷ በገንዳው ብርጭቆ ላይ ከፊቱ አጠገብ ታየውና የሚፈልገውን ለአፍታ ረሳ።

«እዚያ ጋ የሚንቀሳቀሰውስ?»

«ባለ ፀጉር ትል ነው። ትርፍራፊ ለቃሚ ነው፤ በማንም ላይ ደርሶ አያውቅም።»

«ያ ክንዱን ያወጣውስ?»

«የባሕር ኮከብ። እሱም ንጹሕ ነው።»

«በዚህ ሰፈር ጥፋተኛ የለም በለኛ።»

እሱ አልሳቀም። «ሸርጣን ይመስለኛል። ከሸርጣን አጥፊው ዓይነት ፀጉራም ነው፤ የመቆንጠጫው ጫፍ ጥቁር። ግን ሳላየው እንዴት ልፍረድበት?»

በልቡ ሌላም ነገር ይዟል። ያን ሸርጣን በያዘ ዕለት ራት ሊጋብዛት ለራሱ ቃል ገብቷል። ሥራው ያቃተው ሰው ሆኖ ምን አፍ አለው?

ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። «አንተ ልጅ፣ ዛሬም የአጥፊውን ስም አላወቅኸውም?»

«ገና ነኝ፣ ዶክተር።»

«እኔ የታመመውን ጥርስ ሰውዬው አፉን ከፍቶ ሳይጨርስ ነው የማውቀው። አንተ ድንጋይ ላይ አፍጥጠህ ልታረጅ ነው። በሚመጣው ማክሰኞ ካላገኘኸው ገንዳው ይወጣል፤ ወንበር አደርግበታለሁ።»

ጥርስ ሠሪዋ አንገቷን ደፋች። እሱ አፍሮ ዕቃውን ሰበሰበ።

በቀጠሮው ቀን ጠርሙሱ እንደገና ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ጥርስ ሠሪዋም አልወጣችም። መስታወቱን ሊጠይቃት ወደ ክፍሏ ሄደ፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሰው የለም።

ጥርስ ከምትቀርጽባቸው የጄሶ መንጋጋዎች ኋላ አንድ ማሰሮ የሚያህል ብርጭቆ አየ። ቀጭን የአየር ቱቦ ውኃውን ቡልቅ ቡልቅ ያደርገዋል። ሁለት ሸርጣኖች አሉበት፤ ፀጉራም፣ ባለ ጥቁር ጫፍ። አንደኛው ወደ እሱ መቆንጠጫውን አነሣ። ሁለተኛው ባዶ ቅርፊት ነበር።

ከኋላው ኮቴ ሰማ። ሳይዞር፣ «ቅርፊቱን ቀይሯል» አለ። «ይሄ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። መቼ ነው የያዝሽው?»

«ወጥመዱን ባስቀመጥህ ሰሞን።»

«ከዚያ ወዲህ ቁራጩን የሚበላው…»

«ትሎችህ።»

«አክስትሽ ፊት ስዋረድ ቆመሽ ታያለሽ?»

«ስንቴ ልነግርህ ወጥቼ ተመለስኩ። ዛሬ ይዤልህ ልወጣ ነበር።»

«ለምን ብለሽ?»

«ካገኘኸው ምን ብለህ ትመጣለህ?»

ሊመልስላት ፈልጎ ነበር፤ ንዴቱ ቀደመው። ብርጭቆውን አንሥቶ ወጣና ሐኪሟ ፊት አስቀመጠው። «ሸርጣን ነው፣ ዶክተር። ተይዟል።»

ስለ ልጅቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሐኪሟ ግን የጥርስ ሠሪዋን ክፍል በር፣ ቀጥሎም ባዶውን ቅርፊት አየች። «ጎሽ» አለች ቀስ ብላ። «ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልግህም ማለት ነው።»

የሳምንቱ ማክሰኞ ባለ ገንዳው መጣ። ወጥመድ አልያዘም፤ የዕቃ ቦርሳም አልያዘም።

«ገንዳው ሰላም ነው» አለች ሐኪሟ። «ማን ጠራህ?»

«ማንም፣ ዶክተር። ሳልጠራ ነው የመጣሁት።»

እሷም ወደ ጓዳው በር በአገጯ አመለከተችውና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች።

ጥርስ ሠሪዋ እጇ በጄሶ ነጥቶ ነበር። ስታየው የያዘችውን አስቀመጠች።

«ንዴቱ አልወጣልኝም» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

«አውቃለሁ።»

«ሸርጣኑን በያዝኩ ቀን የምነግርሽ ነገር ነበረኝ። አንቺ ነሽ ቀኑን ያስረዘምሽው።»

ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «ይህን ብትነግረኝ ኖሮ ሸርጣኑን በዚያው ቀን አወጣልህ ነበር።»

እሱም ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ከወንበሩ ላይ የጄሶ ከረጢት አነሣችለት፣ መስታወቷንም ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በግንባሯ ደፋቻት።

«ተቀመጥ» አለች። «ዛሬ የምናየው ድንጋይ የለም።»