ክዳኑ የተከፈተው ቱቦ

በእኛ ላቦራቶሪ አንድ ሕግ አለ፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ደግሞ ሠርቶት ካልተሳካለት፣ ሥራው ለኅትመት አይላክም። ኃላፊያችን ዶክተር ሳይኪያ የተማሪዋን የጁንሞኒን ሥራ እንዲደግም የመረጡት ዲፓንኮርን ነበር። በመላው ጉዋሃቲ ከተማ ለዚህ ሥራ የማይሆን አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። እንደሚወዳት እኛ ሁላችን እናውቃለን። ለእሷ ግን ሦስት ዓመት ከጎኗ ቆሞ ሲሠራ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዝም አይነቅዝም የሚባለውን ተረት ይዞ የኖረ ሰው ነው።

የጁንሞኒ ሥራ እንዲህ ነው፦ ኮባልት የሚባለው ብረት ካርቦንና ሃይድሮጂን የተያያዙበትን ቦታ ይፈታዋል፤ በተፈታው ቦታ አሊን የሚባለው ፈሳሽ ይገባና ሁለቱ ተጋጥመው ቀለበት ይሠራሉ። በእሷ እጅ አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም። ይህ ሥራ ታትሞ ካልወጣላት ደግሞ ምረቃ የለም።

ዲፓንኮር ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሦስቴም ቀለበት የለም። «ተሳክቷል» ብሎ ቢፈርም ማንም አያውቅበትም ነበር። ሁለት ቀን ሲያስብበት ቆየና ሻይ ሰዓት ላይ ወደ እሷ ሄደ።

«አልሠራም፣ ጁን» አላት፣ ዐይን ዐይኗን ማየት እየፈራ።

የያዘችውን የሩዝ ፈንዲሻ አስቀመጠች።

«ውሸታም ነሽ እያልከኝ ነው?»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም!»

«ታዲያ ምን እያልክ ነው? እኔኮ ከሁሉም አንተ ታምነኛለህ ብዬ ነበር።»

«ስለማምንሽማ ነው ለዶክተር ሳልነግር ወደ አንቺ የመጣሁት። ነገ ራስሽ ስሪው፤ እኔ ዝም ብዬ ልይ።»

«ዝም ማለትማ ታውቅበታለህ!» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሳታናግረው ሥራዋን ጀመረች። መዘነች፣ ጨመረች፣ አየሩን አስወጥታ ቱቦውን ናይትሮጂን ሞልታ ከደነች። እሱ ደብተሯን ይዞ አንድ በአንድ ተከታተለ፤ ሁሉም እንደተጻፈው ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክዳኑን ከፍታ በቀጭን የመስታወት ቀሰም ጠብታ ወሰደች። ግማሽ ሰዓት ቆይታ ደግሞ ከፈተች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ደርሶ እንደሆነ እያየሁ ነዋ።»

«ይሄ ደብተሩ ላይ የለም።»

«ምን ብዬ ልጻፈው? ‹ልቤ አላስችል ብሎኝ ከፈትኩት› ልበል?»

ዲፓንኮር ሳቁ አመለጠው።

«ምን ያስቅሃል አንተ?»

«አየር ነው፣ ጁን! ኮባልቱ አንዴ ሠርቶ ይደክማል፤ እንደገና እንዲነሳ አየር ይፈልጋል። እኔ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ቀኑን ሙሉ አልነካውም። አንቺ በከፈትሽው ቁጥር አየር ታስገቢለታለሽ።»

በአራተኛው ሙከራ ክዳኑን በየግማሽ ሰዓቱ እየከፈተ ሠራ። ቀለበቱ ገጠመ። ጁንሞኒ የጎደለውን መስመር በደብተሯ ላይ ጻፈችና እንዲፈርም ሰጠችው። ፈርሞም ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ዲፓ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ሌላስ ጥርቅም አድርገህ የዘጋኸው ነገር የለም?»

ፊቱ ቀላ። «አለ። ደርሶ እንደሆነ ግን አይቼው አላውቅም።»

«ታዲያ ክፈተዋ።»

ዕቃ እያጠብን የነበርነው እኛ ቧንቧውን ዘጋን።

«እወድሻለሁ» አላት። «ገና ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ።»

ጁንሞኒ የግድግዳውን ሰዓት አየች። «ሦስት ዓመት አስጠብቀኸኛል። አንተም ግማሽ ሰዓት ጠብቅና መልሴን እነግርሃለሁ» አለችው።

አምስት ደቂቃም አላስቻላትም።