የአንድ ሰዓት ነዳጅ

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። በምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ከስድስተኛው ምሰሶ ሥር፣ አንድ ሰው በግንባሩ ተደፍቷል። ቢጫ የዝናብ ልብሱን፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲውንና የጆሮ መከላከያውን እንዳደረገ ነው። ውሃ የሚረጭበት ብረት ከቀኝ እጁ ሥር ወድቋል። ከእሱ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ በሩ ቀረብ ብሎ፣ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ የተጫነ የቤንዚን ሞተር ከነፓምፑ ቆሟል። ማስነሻው እንደተከፈተ ነው፤ የነዳጅ ቋቱ ውስጥ ግን ጠብታ የለም።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። «ሞተሩን ውስጥ አስነሥቶ በሩን ዘጋ፤ ጭሱ ጨረሰው። ወንድሙም የሚለው ይህንኑ ነው። ኑሮ መርሮት ነበር አሉ።»

መርማሪዋ «ግልጽ ነው» የሚባል ነገር አትወድም። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ የቆየች፣ አንድ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ ሰው ነገር ቸኩሎ ሲቋጭላት እንደተሰደበች ትቆጥረዋለች። ጉልበቷን እያሻሸች ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች።

ከጀርባው ግድግዳ እስከ ስድስተኛው ምሰሶ ድረስ ወለሉ ታጥቦ ጸድቷል። ከምሰሶው ወዲህ፣ እስከ በሩ ድረስ፣ የዓመታት የመኪና ዘይትና አቧራ እንደተጋገረ ነው። የሁለቱ ድንበር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። በአቧራው ላይ የጎማ ቦቲ ዱካ አለ፤ ወደ ውስጥ የሚሄድ፣ ደረቅ። ወደ ውጭ የሚመለስ የቦቲ ዱካ ፈለገች፤ አላገኘችም። ቀጥላ ሞተሩ አጠገብ የተከመረውን ረጅም የውሃ ጎማ አንሥታ በጣቶቿ አሸችው። ጣቷ ላይ አሸዋ ቀረ። ውጭ፣ ሰው እንዳይንሸራተት በበረዶው ላይ የሚበተነው ዓይነት አሸዋ ነው። በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችውና ተነሣች።

የሟቹን ወንድም ያገኘችው ውጭ፣ ትንሿ የጭነት መኪናቸው አጠገብ ነው። ታላቅየው ነው፤ አሥር ዓመት ይህን ሥራ አብረው ሠርተዋል። ታናሹ ያጥባል፣ ታላቁ መኪናውን ይነዳል፣ ሞተሩንና ነዳጁን ይጠብቃል። ዓይኑ ቀልቷል። እሱ እንዳለው ታናሹ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተሩን በገዛ እጁ ወደ ውስጥ አስገብቶ ሥራ ጀመረ። ጭሱ ይገድልሃል ቢለው አልሰማውም። ታላቁ ወዲያው ነዳጅ ሊገዛ ሄደ። ማደያው ወረፋ ነበረበት። አራት ሰዓት አልፎ ሲመለስ በሩ ወርዷል፣ ወንድሙም ወድቋል።

«ሰሞኑን ደህና አልነበረም፣ እመቤቴ» አላት። «ብርዱ በመጣ ቁጥር እንዲህ ይሆናል። ዛሬ ደግሞ ከቤትም ተኮራርፎ ነው የወጣው።»

መርማሪዋ ከመኪናው ላይ የነዳጁን ጀሪካን አነሣች፣ በእጇ መዘን አደረገችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

ዘበኛው ከሕንፃው ፊት ለፊት ባለችው ጎጆው ስለሚቀመጥ የምድር ቤቱ በር አይታየውም። መስማት ግን ሰምቷል። ሁለት ሰዓት ላይ ሞተሩ ተነሥቶ ጆሮውን አደነቆረው። ነዋሪዎች ደውለው ለሕንፃው አስተዳዳሪ አመለከቱ፤ አስተዳዳሪውም ዘበኛውን «ሂድና አስቁማቸው» አለው። ሰውየው ከምድጃው ለመለየት ሲያመነታ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ድምፁ በራሱ ጊዜ ተቋረጠ።

«ተመስገን ብዬ ሻዬን ቀዳሁ» አለ ዘበኛው። «ሻዩን ሳልጨርስ እንደገና ተነሣ። ግን ታፍኗል፤ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ነው የሚመስለው። በሩን ዘግተውታል ማለት ነው፣ እሰይ አልኩ። አራት ሰዓት ሲሆን ጭራሽ ጠፋ።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ሁለት ክፍል ናት። ከበሩ ኋላ የዝናብ ልብሶች ተሰቅለዋል፣ አልጋው ሥር ትርፍ የውሃ ጎማ ተጠቅልሏል፣ የመርጫው ትንንሽ አፎች በስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሚስቲቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ታላቅ ወንድምየው አጠገቧ ሆኖ እጇን ይዞ፣ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ደጋግሞ ይነግራታል። መርማሪዋ ለብቻቸው እንዲተዋቸው ለመነችው።

ሴትየዋ ስለ ሥራው ስትጠየቅ አፏ ተፈታ። ባሏን ሰፈርተኛው «ጎርፉ» ይለዋል። በአቧራው ወራት የሱቅ ግንባርና የቤት ግድግዳ ያጥባል። በዝናቡ ወራት ግቢው ሁሉ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ እያንሸራተተ ሰው ስለሚጥል ይጠሩታል፤ ከላይ እየዘነበበት ውሃ ሲረጭ አላፊ አግዳሚው «አነሰ እንዴ?» እያለ ይስቅበታል። በሙቀቱ ወራት ከጭነት መኪና ሥር አይወጣም። ብርዱ ሲመጣ ግን ማንም ደጁ ላይ ውሃ እንዲፈስ አይፈልግም፤ በረዶ ሆኖ እግር ይሰብራል። ያለፈው ብርድ ደግሞ ፓምፑ ውስጥ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ብረቱን ለሁለት ሰነጠቀው። አራት ወር እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አዲስ ፓምፕ እስኪገኝ ያላንኳኩት በር አልነበረም። ዘንድሮ የተገኘው ሥራ ያ ምድር ቤት ብቻ ነበር።

«ጠዋት ምን እንዳልኩት ልንገርዎት?» አለች። «ቦቲውን ሲያጠልቅ፣ ከእንዲህ ዓይነት ኑሮ መበለት መሆን ይሻለኛል አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።»

ቀና ብላ መርማሪዋን አየቻት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። አይደለም ካሉኝ እውነቱን ይንገሩኝ። ነሽ ካሉኝም ይንገሩኝ። ሳላውቅ ግን እንዲህ ሆኜ መኖር አልችልም።»

መርማሪዋ ማጽናናት አትችልበትም፤ ሞክራም አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፤ ጎርፉ ወለል ሲያጥብ ከየት ይጀምራል?

«ከውስጥ ነዋ» አለች ሴትየዋ፣ ጥያቄው እንግዳ ሆኖባት። «ከጥግ ጀምሮ ወደ በሩ። ያጠብከውን አትረግጥም ይላል። እኔንም ቤት ስጠርግ ይቆጣኛል።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪዋ አራቱን ሰዎች ምድር ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወደ ላይ የሚጠቀለለው የብረት በር እስከ ጫፉ ተከፍቶ ነፋሱ ይገባል። አስተዳዳሪው ሥራ እንዳለው ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ያዘ። ሚስቲቱ በወንድምየው ክንድ ተደግፋ ቆማለች፤ በሦስት ቀን ውስጥ አሥር ዓመት አርጅታለች።

«ይህ ሰው ራሱን አላጠፋም» አለች መርማሪዋ። «ከዱካው ልጀምር። ጎርፉ በደረቅ ቦቲ እዚህ አቧራ ላይ ተራምዶ ገባ። ውስጥ ገብቶ ከረጠበ በኋላ ወደ በሩ ቢመለስ ኖሮ እርጥብ ዱካ ይተው ነበር። አንድም የለም። እጁ በሩንም አልነካ፣ ሞተሩንም አልነካ።»

«ሞተሩን እኮ ገና ሲጀምር ነው ያስገባው» አለ ወንድምየው። «በሩንም ያኔውኑ ዘግቶት ይሆናል።»

«አዎ፣ እንደዚያ ብለውኛል። ታዲያ አሸዋው ከየት መጣ?» ወረቀቷን ዘረጋች። «ከውሃ ጎማው አሥራ አምስት ሜትር ያህሉ የመንገድ አሸዋ ተጣብቆበታል። ይህ የሚሆነው ያ ሁሉ ጎማ ውጭ፣ በረዶው ላይ ተዘርግቶ ከዋለ ነው። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ሞተሩ ውጭ ነበር፤ እንደ ወትሮው። ወደ ውስጥ የገባው በኋላ ነው። መቼ?»

ወደ ዘበኛው ዞረች። እሱም ያንኑ ደገመው። ሦስት ሰዓት ላይ ተቋረጠ፣ ተነሣ፣ ታፈነ፣ አራት ሰዓት ላይ ጠፋ።

«ትናንት ይህን ሞተር ጣቢያው ግቢ ውስጥ አስነሥቼ፣ ሰዓቴን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ» አለች መርማሪዋ። «ቋቱ ጢም ብሎ ሞልቶ የሠራው ሃምሳ ስምንት ደቂቃ ነው። አንድ ሙሌት፣ አንድ ሰዓት። በዚያ ቀን ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠርቷል። እንግዲህ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ነዳጅ ጨምሮበታል። ሟቹ ከቦታው አልተነቃነቀም። ዘበኛውም አስተዳዳሪውም ነዳጅ የላቸውም። ነዳጁ የነበረው ጀሪካን ውስጥ ነው። ጀሪካኑ መኪናው ላይ ነው፤ መኪናው ደግሞ ማደያ ሄጃለሁ ካለው ሰው ጋር ነው።»

ሚስቲቱ ክንዷን ከወንድምየው ክንድ ቀስ ብላ አወጣች።

«ሁለት ሰዓት ወረፋ ጠብቆ ነዳጅ ሊገዛ የሄደ ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ አይመለስም» አለች መርማሪዋ። ድምጿ አልጨመረም። «የእርስዎ ጀሪካን ባዶ ነበር። በእጄ አንሥቼዋለሁ።»

ወንድምየው መሬት መሬት ያያል።

«ቂም አለብዎት ብዬ ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም» ብላ ቀጠለች። «ከዚያ ስለ ፓምፑ አሰብኩ። ዓምና ተሰንጥቆ አራት ወር ሥራ ያስፈታችሁ ፓምፕ። በዚያ ጠዋት ነፋሱ አጥንት ይሰብር ነበር።»

«ፓምፑ ጫፍ ላይ በረዶ መያዝ ጀምሮ ነበር» አለ ሰውየው በመጨረሻ። የሚናገረው ለመርማሪዋ ሳይሆን ለወለሉ ይመስላል። «ነዳጅ ልሞላ ሳጠፋው አየሁት። ይኼም ከተሰነጠቀ አለቀልን አልኩ። ጋሪውን ጎትቼ አስገባሁት፣ ነፋሱ እንዳይገባ በሩን አወረድኩት። አሥር ደቂቃ ብቻ እስኪሞቅ። እስከዚያ ድረስ አስተዳዳሪውን ሌላ ሥራ ልለምነው ወጣሁ። ቢሮው በር ላይ አስቆመኝ። አሁን ይጠራኛል፣ አሁን ይጠራኛል ስል... ፓምፑን እያሰብኩ ነበር። ስለ ፓምፑ ብቻ ነበር የማስበው።»

አስተዳዳሪው ሰዓቱን ማየት ተወ። ሰውየውን አንድ ሰዓት አስቁሞ፣ በመጨረሻም ሙቀቱ ሲገባ ና ብሎ እንደሸኘው አሁን አስታወሰ።

«ለምን ዞር ብሎ አላየም?» ጠየቀች ሚስቲቱ። «ሞተር አጠገቡ ሲገባ እንዴት አላየም?»

መልሱን የሰጠችው መርማሪዋ ናት። ነዳጅ ሲሞላ ውሃው ይቋረጣል፤ አጣቢውም ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። አሥር ዓመት የሠሩት እንደዚህ ነው። ጆሮው ተደፍኗል፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው፣ ዙሪያው ጉም ሆኗል። ውሃው ሲመለስለት ሥራውን ቀጠለ። ሞተሩ ዘንድ ወንድሙ ስላለ ዞሮ ማየት አላስፈለገውም።

ወንድምየው እዚያው ቁጭ አለ። ሚስቲቱ ከፊቱ መጥታ ቆመች። ካገባች ጀምሮ «ጋሼ፣ እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት ናት።

«ሦስት ቀን እጄን ይዘህ አጠገቤ ስትቀመጥ ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

«ገደልኩት እያልኩ ራሴን ስደበድብ?»

«አውቅ ነበር፣ እህቴ። ልናገር እየፈለግኩ አፌ እምቢ አለኝ። እናታችንን ምን ብዬ አያታለሁ?»

ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። መርማሪዋ በቸልተኝነት ሰው መግደልና የሐሰት ቃል መስጠት ምን እንደሚያስከትል በአጭሩ ነገረችው። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አነሣው፤ ሰውየው ሲወሰድ ወንድሙ ያጠበውን ወለል ላለመርገጥ በዳር በዳር ሄደ። ልማድ ሆኖበት ነው።

አስተዳዳሪውና ዘበኛውም ወጡ። ሚስቲቱ ብቻ ስድስተኛው ምሰሶ ጋ ቀረች። መርማሪዋ ጉልበቷን እያሻሸች አጠገቧ መጣች።

«የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ» አለቻት። «መሞት የሚፈልግ ሰው እንዲህ አያጥብም። ከየምሰሶው ሥር ያለውን ጥግ ሁሉ አጽድቶታል። እስከ መጨረሻው መስመሩን አላጣመመም። አንቺ ያልሽውን ሰምቶ ተቀይሞ ይሆናል፤ እንደማንኛውም ባል። ሥራውን ግን እየሠራ ነበር።»

ሴትየዋ ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ አየችው።

«እንግዲያው ማታ ይመጣ ነበር» አለች።

«ይመጣ ነበር።»

ሴትየዋ ምሰሶውን ይዛ ቀስ እያለች ተንሸራተተችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሦስቱን ቀን ያለቀሰችው ለጥፋቷ ነበር፤ ለባሏ ማልቀስ የጀመረችው አሁን ነው።