ሰባ አራት ጊዜ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሳህን ላጥብ ብዬ ከሰው መካከል የምነሳ ሴት ነኝ፣ ድምፅ ሰማን፣ ጥላ አየን የሚሉትን ሁሉ እንቅልፍ አጥተው ነው እያልኩ በልቤ አልፋቸው ነበር። ስለዚህ አሁን የማወራችሁ በቀን፣ በጠራ ፀሐይ፣ ሙሉ ጤነኛ ሆኜ የደረሰብኝ መሆኑን እመኑኝ።

ልጄ ራሄል ያገባችው ማርክ የሚባል የዚሁ የአሜሪካ ልጅ ነው። እናቱ ዶሮቲ እኛ ከምንኖርበት ከኦሮራ በስተምሥራቅ በመኪና ሁለት ሰዓት በምታስኬድ፣ ከቼክ አገር የመጡ ገበሬዎች በቆረቆሯት ትንሽ ከተማ ተወልዳ እስከ ዛሬ እዚያው ትኖራለች። ጥሩ ሴት ናት፣ ክፉዋን አላወራም። ነገር ግን የልጅ ልጃችን ሊያ እሷን በቼክኛ «ባቢ» ትላታለች፣ እኔን ግን እንደ ማንም አሮጊት «ግራንድማ»፣ «አያቴ» በይ ብዬ ብዙ ደክሜ አልያዘላትም። ትንሽ ነገር ናት፣ ለማንም ተናግሬያት አላውቅም።

ባለፈው ሐምሌ ሁላችንም ዶሮቲን ልንጠይቃት ሄድን፣ እሷም ከተማዋን አዙራ አሳየችን። መጀመሪያ አያቷ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሠሩትን አዳራሽ ነው ያየነው፣ የመድረኩ መጋረጃ ላይ የአገራቸው ድልድይ ተስሎበታል፣ ጥግ ላይ ደግሞ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ክንድ የሚያህል ብረት ተቀምጧል። የቤተክርስቲያናቸው ደወል መምቻ ነው አለችን። ዱሮ ሰው ሲሞት ደወሉ ሟቹ በኖረው ዓመት ልክ ይመታ ነበር አሉ፣ ገበሬው እርሻው ላይ እንዳለ ይቆጥርና ማን እንደሞተ ያውቃል፣ በኋላ ማማው ሲሰነጠቅ መምቻውን አውርደው እዚያ አኖሩት።

ከዚያ እነራሄል አዳራሹ ውስጥ ሲቀሩ እኔና ዶሮቲ ሊያን ይዘን ቤተክርስቲያኑ አጠገብ ወዳለው መቃብር ሄድን። ድንጋዮቹ ላይ የሟቾቹ ፎቶ በሸክላ ታትሞ ተለጥፏል፣ ቅድመ አያት፣ አያት፣ አባት፣ ሁሉም የማርክን አፍንጫ ይዘው ያዩዋችኋል። የዶሮቲም ድንጋይ ከባሏ ጎን ተተክሏል፣ ስሟና የተወለደችበት ዓመት ተቀርጾ የቀረው ባዶ ነው። ከሱ ቀጥሎ ሣር ብቻ የበቀለበት ቦታ አለ፣ ሊያ የማን ነው ብላ ጠየቀች።

«የአንቺ ነው» አለቻት ዶሮቲ፣ «ከፈለግሽ፣ በጣም ብዙ ዓመት ከኖርሽ በኋላ።»

ልጅቷ እየሳቀች ወደ እናቷ ሮጠች። እኔ በመቃብሯ እንኳ ቀናሁባት፣ ይኸው ተናገርኩት። ሁሉ ተሰናድቶላት የለ፣ ታዲያ ምን ትጠብቃለች አልኩ በልቤ።

ነፋሱ ቆመ። ማማው ላይ የነበሩት እርግቦች በአንድ ጊዜ ተነሱ፣ የክንፋቸው ድምፅ ግን አልተሰማኝም። ከዚያ የረጠበ ገመድ ሲወጠር ዓይነት ሲጥጥ አለ፣ ከዚያ ደወሉ መታ። ቀስ ብሎ፣ በአንዱና በሁለተኛው መካከል ትንፋሽ እስኪያጥር ድረስ። እኔ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ ነው የኖርኩት፣ ሳልፈልግም እቆጥራለሁ። ሰባ አራት ላይ ቆመ።

ዶሮቲ ድንጋይዋን ይዛለች። «ስንት ቆጠርሽ?» አለችኝ።

«ሰባ አራት።»

«ዕድሜዬ ነው» አለች፣ ወደ እኔ ዞራም «አንቺስ ስንት ነሽ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወደዚህ አገር ልመጣ ፎርም ሲሞላ የተወለድኩበትን ዓመት ወደ ፈረንጅ ቀይሬ ለወንድሜ ሰጠሁት፣ እሱ መቀየሬን ሳያውቅ ሰባት ዓመት ደግሞ ጨመረበት፣ እንዲያው ሳላስተካክለው በወረቀት በሰባት ዓመት አንሼ ቀረሁ። ራሄል እንኳ አታውቅም።

«ስልሳ ሰባት» አልኳት።

ራሄል መጥታ አየችንና «እማዬ፣ ምን ሆናችሁ? ፊታችሁ ልክ አይደለም፣ ኑ መኪና ውስጥ ኤሲ ልክፈትላችሁ» አለች። እነሱ ምንም አልሰሙም። ስንወጣ በአዳራሹ በኩል አለፍኩ፣ ብረቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዶሮቲ በየቀኑ ትደውልልኝ ጀመር፣ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኛ። ሊያን አደራ ትለኛለች፣ ከእኔ ጋር ትለማመድ ብላ ቅዳሜዋን ለእኔ ለቀቀችልኝ። ልጅቷ «አያቴ» ማለት ለመደች። ዶሮቲን ስለ ዕድሜዬ አንድ ቃል ብነግራት ይቀላት ነበር፣ አልነገርኳትም። ቅዳሜዎቹን ወደድኳቸው።

ባለፈው ወር ዶሮቲ ሰባ አምስት ሞላት። ራሄል ቤት ኬክ ከቆረሰች በኋላ መጥታ አቀፈችኝ፣ «ደወሉ ተሳሳተ» አለች በጆሮዬ እየሳቀች። ያንን ፍርሃት አብረሽኝ ስለያዝሽው አንድ ነገር አድርጌልሻለሁ፣ ከድንጋይዬ ቀጥሎ ያለውን ቦታ በስምሽ አስመዝግቤዋለሁ፣ ሊያ ገና ልጅ ናት አለችኝ።

አመሰገንኳት። ሌላ ምን ይባላል።

እናቴ የወለደችኝ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው፣ ሰባ አምስት የምሞላው ያን ቀን ነው። ዛሬ ኅዳር ሁለት ነው።